ሦስተኛው እጅ

ወደብ የሚባለው ነገር እዚህ አሜሪካ፣ በኮሎምበስ ሰው አፍ የገባው ባለፈው ዓመት፣ ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ነው። በምሠራበት መጋዘን ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃው ድረስ ሁሉም ስለ መርከብ ያወራ ነበር። መርከቦቹ ባሕር ላይ ቆመው ተራ እየጠበቁ ነው፣ ኮንቴይነር ጠፍቷል፣ የሕፃን አልጋውም ማቀዝቀዣውም የዘገየው በዚህ ነው ይባላል። ከባሕር ርቀው ያደጉ ሰዎች፣ ሱቅ ገብተው የሚያነሱት ዕቃ መጀመሪያ መርከብ ላይ ይከርም እንደነበር የገባቸው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ። ዝምታ የቆየ ልማዴ ነው። ሆኖም መርከብ ሲቀር አንድ ከተማ ምን እንደሚመስል በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። የተወለድኩት አሰብ ነው። አሰብ ላይ መርከብ ከቀረ ሻይ ቤቶች በሥራ ሰዓት ይሞላሉ፣ አባቶች ካናቴራ ለብሰው ደጅ ይቀመጣሉ፣ እናቶች በትንሹም በትልቁም ይቆጣሉ። እኛ ልጆች ማንንም ሳንጠይቅ ነገሩ ይገባናል።

ከእኔ ሌላ ግን አንድ ሰው ነበር። ያወቅኳቸው በፊታቸው አይደለም፤ ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን በማስክ ሸፍነን ነበር የምንሠራው። የእኔ ሥራ ቢሮ ውስጥ ነው፤ የገባውን ዕቃ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለሁ፣ ማን የትኛውን ማሽን ለመንዳት ሥልጠና እንደወሰደ እመዘግባለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወረቀት ለማድረስ የጭነት መኪኖች ወደሚራገፉበት ዶክ ወረድኩ። አንድ ተሳቢ ወደ ኋላ እየመጣ ነበር። ሹፌሩ ጠማማ ገብቷል፤ የእኛ ልጆች "ስቶፕ፣ ስቶፕ" እያሉ ይጮሃሉ፤ ሞተሩ ድምፃቸውን ውጦታል። በዚህ መሀል አንድ በዕድሜ የገፉ የጽዳት ሠራተኛ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ወጡ። አልጮሁም። ሹፌሩ በመስታወቱ ሊያያቸው የሚችልበትን ቦታ መርጠው ቆሙና ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። መዳፋቸው ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቀስ ብለው ተቀራረቡ፤ በመጨረሻ እጁ ጡጫ ሆነ። መኪናው ምንም ሳይነካ ቆመ። እጅ ማወዛወዝ ማንም ይችላል። ይህ ግን የተማረ እጅ ነበር። ያን ትምህርት እኔም ተምሬዋለሁ፤ ያስተማረኝ አባቴ ነው።

አሰብ በሦስት ነገር ይኖር ነበር፤ በወደቡ፣ በነዳጅ ማጣሪያውና በጨው። የማጣሪያው እሳት ከረጅም ብረት ጫፍ ላይ ቀንም ማታም ይነዳል፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ነፋሱ ወዴት እንደሆነ የምናውቀው እሱን አይተን ነው። ጨው የሚደርቅበት ሜዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ነበር፤ የተቆለለው ጨው ከሩቅ ሲያዩት ዓይን ይወጋል። ቁንጥር ወስደን እንልሳለን፣ ከዚያ ውሃ ፍለጋ እንሮጣለን። ወደቡ ግን የሁሉም አባት ነበር። ያ ሁሉ ደጋ የሚበላው፣ የሚለብሰውና የሚነዳው ነገር መጀመሪያ በእኛ ዓይን ሥር ያልፋል። አዲስ መኪና ታርጋ ሳይለጠፍበት፣ ወንበሩ ላስቲኩን እንደለበሰ እናየዋለን። ማዳበሪያው፣ ጎማው፣ ብረቱ፣ ስንዴው፣ ሁሉም ሽታ ነበረው። አባቴ ከሥራ ሲገባ ቀኑን ምን ሲያራግፍ እንደዋለ በሸሚዙ እናውቃለን። እማዬ "ዛሬ ማዳበሪያ ነው፣ ደጅ ታጠብ" ትለዋለች። የስንዴ ቀን ከሆነ ግን ዝም ትላለች። የጆንያና የእርጥብ እህል ሽታ ትወድ ነበር።

የምንኖረው ካምፖ ሱዳን በሚባለው ሰፈር ነው። የግንቡ ሙቀት በምሽት እንኳ ስለማይበርድ አልጋዎች ሁሉ በግቢው ውስጥ ነበሩ። ወንዶች ቤት ሲሆኑ ሽርጥ ያገለድማሉ፤ ሴቶች ከባሕሩ ማዶ በጀልባ የሚመጣውን ድሪያ የሚባል ስስ ቀሚስ ይለብሳሉ፤ ከደጋ አዲስ የመጣች ሴት በወፍራም ቀሚሷ ትታወቃለች፣ ከሳምንት በኋላ ግን እሷም ድሪያ ገዝታ ትወጣለች። በረዶ በስሙኒ እንገዛለን፤ ሻጩ ከትልቁ ድፍን በመጋዝ ቆርጦ በጆንያ ይጠቀልልልናል፣ ቤት እስክንደርስ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ከባድ መኪኖቹ ከወደቡ በር ጀምረው እስከ ከተማው ጫፍ ይሰለፋሉ። ሹፌሮቹ ከደጋ ድንችና ጎመን ያመጣሉ፤ ሲመለሱ የዱቄት ወተት፣ ሽቶና የናይለን ሸሚዝ ይዘው ይሄዳሉ። ዘፈንም የሚያመጡልን እነሱ ነበሩ። አዲስ ካሴት የወጣ እንደሆነ አሰብ የምንሰማው ከመኪናው ጋቢና ነው። ሹፌሩ ከጎማው ጥላ ሥር ተኝቶ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ዝናብና አበባ የሚያነሳ ዘፈን ይንቆረቆራል። እኛ ዝናብ በዓመት አንዴ ብናይ ነው፤ አበባም የምናውቀው በብርጭቆ ላይ ተሥሎ ነው። ዘፈኑን ግን በቃላችን እንወጣው ነበር።

አባቴ አበራ የክሬን ምልክት ሰጪ ነበር። የክሬኑ ሰው ከላይ ሆኖ ከታች የሚሆነውን በደንብ አያይም፤ ነፋሱና የመርከቡ ሞተር ደግሞ ድምፅ አያሰሙም። ስለዚህ ከታች አንድ ሰው ይቆማል። ክሬኑ የሚታዘዘው የእሱን እጅ ብቻ ነው። የጫኞቹ አለቃ፣ ካቦውም ቢጮህ፣ የመርከቡ አዛዥም ቢቆጣ፣ ከዚያ እጅ ውጪ ምንም ነገር አይነሳም፣ አይወርድም። ሌባ ጣት ወደ ሰማይ ሆኖ ከዞረ ‘አንሳ’ ነው። ወደ መሬት ሆኖ ከዞረ ‘አውርድ’ ነው። ጡጫ ‘ቁም’ ነው። ይህ ቋንቋ ቤታችንም ገብቶ ነበር። አባቴ ሻዩ ሲሞላለት ጡጫውን ያሳያል፤ እማዬ ከምድጃው ዳር ሆና ‘ቀስ’ የሚለውን በሁለት ጣቷ ትመልስለታለች። የምኖረው በዚህ ቋንቋ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ዓይን አፋር ልጅ ነበርኩ። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ "አለሁ" ለማለት ድምፄ አይወጣም፤ ሱቅ ተልኬ ባለሱቁ እስኪያየኝ ድረስ ቆሜ እቀራለሁ። በእጅ ግን የፈለግኩትን እናገራለሁ። አባቴ ከሰው ፊት "የእኔ ልጅ አፏ መዳፏ ላይ ነው" ይል ነበር፣ ኩራትም ነበረው።

ልጅ ወደብ ውስጥ እንዲገባ አይፈቀድም። ግን ዘበኛው ሁላችንንም በየአባታችን ስም ያውቀናል፤ ምሳ ዕቃ የያዘ ልጅ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ይህን ካቦውም ያውቃል፣ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። በዚያን ቀን ምሳና በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለች ትንሽ ጀሪካን ይዤ ሄድኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የሚራገፈው ስንዴ ነው። ጆንያ የሞላው መረብ ከመርከቡ ወጥቶ ከአንድ ተሳቢ በላይ ተንጠልጥሎ ቆሟል፤ ኡስማን የሚባል አፋር ጫኝ ተሳቢው ላይ ሆኖ ከታች ያሉትን ጆንያዎች ያስተካክላል። አባቴ ክሬኑን በጡጫ አቁሞ፣ ጀሪካኗን ከእኔ ተቀበለና በሁለት እጁ አንስቶ መጠጣት ጀመረ። እኔ ከኋላው፣ በግራ በኩል ነበርኩ። ቀና ስል የክሬኑ ሰው ከመስኮቱ ሆነው ወደ እኛ ያያሉ። ያ ትልቅ ብረት፣ ያ ሁሉ ስንዴ፣ የሚጠብቀው አንዲት ጣት ነው። ክንዴን ከአባቴ ጎን አወጣሁና ጣቴን ወደ መሬት አዞርኩ። ጨዋታ ነበር ለማለት ይቀለኛል። እውነቱን ለመጻፍ ከሆነ ግን ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ሰው እንዲሰማኝ ፈልጌ ነበር።

ሰማኝ። መረቡ ወረደ። የኡስማን እግር በተሳቢው ጎንና በጭነቱ መሀል ቀረ፤ በኋላ ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ጩኸቱን አልጽፈውም። የክሬኑ ሰው፣ ጋሼ ታደለ ይባላሉ፣ ወርደው እየሮጡ መጡ። "አበራ፣ አውርድ አላልከኝም?" አሉ። አባቴ "በሁለት እጄ ውሃ ይዤ?" አላቸው። ክርክሩ በቃ ይኸው ሆነ። ኮሚቴ ተቀመጠ። ጋሼ ታደለ እጅ አይቻለሁ ብለው ማሉ። አባቴ ጀሪካኗን በሁለት እጁ ይዞ እንደነበር አምስት ሰው መሰከረ፤ ምስክሮቹም እውነታቸውን ነበር። ልጅ ነበረች ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እዚያ እንደነበርኩ የሚያውቁትም ዘበኛው እንዳይባረር አፋቸውን ያዙ። ጋሼ ታደለ ከክሬን ወርደው ጨው ሜዳ ተላኩ፣ አካፋ ያዙ። ሰፈሩ ስም አወጣላቸው፤ "ታደለ ሦስት እጅ"። ሻይ ቤት ሲገቡ አንዱ ይነሳና "ጋሼ፣ ስንት ስኳር ላድርግልህ፣ እጄን ታየዋለህ?" ይላል። እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር ይባላል። አባቴ በዚያ ምሽት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ "ምን አየሽ?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ በእጅ የተነጋገረ ሰው የለም። ሻዩ ሲሞላለት "ይበቃል" ማለት ጀመረ።

ብዙም ሳይቆይ መርከቦቹ መምጣት ተዉ። ለምን እንደሆነ ትልልቆቹ ያውቁታል፤ እኔ የማውቀው የተሳቢዎቹ ሰልፍ እያጠረ እያጠረ ሄዶ አንድ ቀን መንገዱ ባዶ መሆኑን ነው። የማጣሪያው እሳትም ከዚያ በፊት ጠፍቶ ነበር። ከተማው በየአውቶቡሱና በየጀልባው ተበተነ። ሰው ሁሉ ስለዚያ ሲያወራ ሳይዘው የወጣውን ዕቃ ያነሳል፤ አልጋውን፣ ፎቶውን፣ ፍየሉን። እኔ ይዤ የወጣሁትን ነው የማስበው። ትምህርት ተማርኩ፣ ዲቪ ደረሰን፣ እዚህ መጥቼ ስለ ጭነትና ስለ መጋዘን አያያዝ ዲግሪ ያዝኩ። የማልሳሳት ሠራተኛ ናት ይሉኛል። አንድ ወረቀት ሦስት ጊዜ አያለሁ። ጥንቃቄዬን እንደ ጠባይ ነው የሚያዩት።

ዶኩ ላይ ያየኋቸው ዕለት ተከትያቸው ሄድኩ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሰብ ነበሩ?" አልኳቸው።

"ማን ነገረሽ?"

"እጅዎ።"

ማስካቸው ውስጥ ሳቁ። "ታደለ እባላለሁ። ክሬን ነበርኩ" አሉ። ባጄን ጠጋ ብለው አነበቡ። "ሜሮን አበራ። የትኛው አበራ? አሰብ ላይ አበራ እንደ ዝንብ ነበር። የወደቡ አበራ፣ የዳቦ ቤቱ አበራ፣ የማጣሪያው አበራ።"

"የማጣሪያው" አልኩ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ "ምንም" ያልኩትን ለልጅነቴ ልተውለት እችላለሁ። ይህችን ግን ያልኩት በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ተምሬ፣ ደመወዝ እየበላሁ፣ የሰውየውን ስም ሰምቼ።

ከዚያ በኋላ በብሬክ ሰዓት አብረን መቀመጥ ለመድን። እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ። የበረዶ ሻጩን፣ የሹፌሮቹን ሆቴል፣ የወደቡን ፊሽካ፣ ሁሉን ያነሳሉ። የጥንቱን ሁሉ ከእኔ በተሻለ ያስታውሱታል። የዶኩ ኃላፊ ዮናታን የሚባል የእኛው ልጅ ነው፤ አንድ ቀን ምሳ ላይ መጣባቸው።

"ጋሼ ታደለ፣ ጭነት ማንሻውን ፎርክሊፍት ለመንዳት ሰርተፋይድ ይሁኑ እንጂ። መጥረጊያ ይዘው ሊከርሙ ነው? ሰው የለንም፣ ካምፓኒው እየለመነ ነው።"

"ይለምን።"

"ፈተናው ቀላል ነው። እኔ እንኳ ፓስ አድርጌያለሁ።"

"አንተ ካለፍክማ እውነትም ቀላል ነው።"

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን በመዝገቤ ላይ ከስማቸው ፊት ሦስት ጊዜ ‘አልፈልግም ብለዋል’ ተብሎ መጻፉን አውቃለሁ። ሰዎቹ ሲነሱ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ዓይኔን አላምነውም" አሉ።

"ሐኪም አይቶት ያውቃል?"

"ሐኪሙማ ደህና ነው ይላል። ዓይኔ አይደለም ችግሩ፣ ከዓይኔ ጀርባ ያለው ነው።" ዳቦዋን ቆርሰው ሳይበሏት አስቀመጧት። "አንድ ጊዜ የሌለ እጅ አየሁ፣ ልጄ። እንዲህ አንቺን እንደማይሽ አድርጌ። በእሱ ምክንያት ሰው እግሩን አጣ። እና የሌለ ነገር አንዴ ያየ ሰው፣ ሁለተኛ ላለማየቱ ምን ዋስትና አለው? መጥረጊያ ማንንም አይገድልም።"

ሥራ አጡ ብዬ ነበር እስከዚያ ቀን የማስበው፤ ስማቸው ጠፋ ብዬ። አእምሯቸውን እንደወሰድኩባቸው አላወቅኩም ነበር። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እኚህ ሰው ያዩትን ነገር ሁሉ እውነት መሆኑን ሲጠራጠሩ ኖረዋል፤ ያዩት ግን እውነት ነበር።

እማዬ የምትኖረው እዚሁ ኮሎምበስ ዳር፣ ጋሃና በሚባል ሰፈር፣ ወንድሜ ቤት ነው። በዚያው እሑድ ሄድኩ። ልብስ እያጠፈች ነበር።

"ጋሼ ታደለን አገኘኋቸው" አልኳት።

"የቱን ታደለ?"

"ሦስት እጅ።"

ማጠፏን አላቆመችም። "ምን አልሽው?"

"ምንም።"

"ጎሽ።"

"እማዬ፣ ያን ዕለት እኮ እኔ ነበርኩ።"

"አውቃለሁ" አለች። "አባትሽም ያውቅ ነበር። ‘ምንም’ ስትዪው ነው ያወቀው። ልጅ ያን የመሰለ ነገር ፊቷ ላይ ሆኖ ‘ምንም’ አትልም፣ አለኝ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገረም?"

"ምን ብሎ ይናገር? ዘበኛው ይባረር? እሱ ይባረር? አንቺ በሰፈሩ ልጆች የኡስማንን እግር የቆረጠች ስትባዪ ትደጊ? ስንት ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም መሰለሽ። ታደለን መንገድ ላይ ሲያይ ዞሮ ይሄድ ነበር።" ፎጣውን አስቀመጠች። "አሁን የሞተ ሰው ልትከሺ ነው?"

"ራሴን ነው የምከሰው።"

"አባትሽን ሳትነኪ ራስሽን መክሰስ አትችዪም። የቆምሽው ከኋላው ነው።"

ይህን ሳምንቱን ሙሉ አሰላሰልኩት። አባቴን እወደዋለሁ። ያደረገው ለእኔ ብሎ ነው። ለእኔ ብሎ በማድረጉ ደግሞ ጋሼ ታደለ አካፋ ይዘው ጨው ላይ ቆሙ። ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንዱ ሌላውን አያጠፋውም። ቅዳሜ ጠዋት ኢስተን ገበያ ልሄድ ብዬ ከቤት ወጣሁና መኪናውን ጋሼ ታደለ ወደሚኖሩበት ወደ ፍራንክሊንተን አዞርኩት።

ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ በር ከፈቱልኝና ጓዳ ገቡ። ጋሼ ታደለ ያለ ማስክ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጉንጫቸው ገብቷል፣ ጥርሳቸው አምሯል።

"ጋሼ፣ የማጣሪያው አበራ ልጅ አይደለሁም" አልኩ። "የወደቡ አበራ ልጅ ነኝ። የምልክት ሰጪው።"

ከዚያ የቀረውን ነገርኳቸው። ጀሪካኗን፣ መስኮቱን፣ ጣቴን። ስጨርስ "ድገሚው" አሉኝ። ደገምኩት።

"ከአበራ በየት በኩል ነበርሽ?"

"በግራው። ከኋላው።"

"ምን ለብሰሽ ነበር?"

"ቢጫ ቀሚስ። እጅጌ የሌለው።"

"አዎ" አሉ፤ ለእኔ አልነበረም። "ያየሁት ባዶ ክንድ ነው። አበራ ረጅም እጅጌ ነበር የለበሰው። ይህንን ለኮሚቴው ስናገር ነው የሳቁት። በሳቁ ጊዜ እኔም አበድኩ መሰለኝ።" ወደ ጓዳ ዞሩ። "ጽጌ። ነይ እስቲ፣ ይህችን ልጅ ስሚያት።"

ለሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩ። እትዬ ጽጌ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ቆመው ሰሙኝ። ስጨርስ የተናገሩት ለእኔ ሳይሆን ለባላቸው ነው።

"‘ሌሊቱን በሙቀቱ እንቅልፍ አልወሰደውም’ ብዬ ለኮሚቴው የተናገርኩት እኔ ነኝ። እንዲያዝኑልህ ብዬ።"

"አውቃለሁ።"

"እዚህም ከመጣን፣ መኪና ስትነዳ መብራቱን የምነግርህ እኔ ነኝ። ቀይ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ እያልኩ።"

"መብራቱማ ይታየኝ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ተዪኝ አላልከኝም?"

"ካልታየኝስ ብዬ ነዋ" አሉ። እትዬ ጽጌ ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አላዩም።

ጋሼ ታደለ ቀና አሉ። "ኡስማንስ?" አሉኝ።

"ፈልጌው ነበር። የት እንዳለ የሚያውቅ አላገኘሁም።" እውነት ነው፤ ለእሱ የሚገባው ነገር እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው ያለው፤ የምነግረው ሰው ግን የለም።

"እና ይቅር እንድልሽ ነው የመጣሽው?"

"አላውቅም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ዛሬ አልልሽም" አሉ። ድምፃቸው አልከፋም፤ የሚያስቡ ነው የሚመስሉት። "ልጅ ነበርሽ፣ አውቃለሁ። አንድ ቀን እልሽ ይሆናል። ግን ይኸውልሽ፣ ያን ሁሉ ዘመን በራሴ ላይ ነው የተናደድኩት። እስቲ ትንሽ ቀን ሌላ ሰው ላይ ልናደድበት።"

ደህና ዋሉ እንኳ በቅጡ ሳልል ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ሆኜ እማዬን ኮል አደረግኳት። ነገርኳቸው አልኳት። "ስለ አባትሽ ምን አለ?" አለችኝ። ምንም አለማለታቸውን ነገርኳት። "ይሻል ነበር ቢሰድበው" አለችና ስልኩን ዘጋች።

ሰኞ ጋሼ ታደለ ሥራ ገቡ። በኮሪደሩ ላይ ስንተላለፍ "እንደምን አደሩ" አልኳቸው። አዩኝ፣ አለፉኝ። ማክሰኞም እንደዚያው። ምሳቸውን ይዘው ከእኛ ጠረጴዛ ተነስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተቀመጡ። ዮናታን ሳንድዊቹን እየፈታ "አንቺን የመሰለች ዝምተኛ ምን ብታደርጊያቸው ነው?" አለኝ። በዙሪያው የነበሩት ልጆች ሳቁ። እንደ ወትሮው አንገቴን ልደፋ ነበር። ከዚያ ግን ወደብ ውስጥ ልጅ እንዳይገባ ይከለከል እንደነበር ከመጀመሪያው ጀምሬ መናገር ያዝኩ። ሳቁ ቆመ። የአባቴን ስም ጠራሁ፣ የኡስማንን ስም ጠራሁ። እጁን ያየው ሰው እውነቱን እንደነበር፣ ሌላው ሁሉ እንደተሳሳተ ወደምናገርበት ስደርስ ድምፄ እየሰለለ ሄደ።

"ጮክ በይ" አሉ ጋሼ ታደለ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።